870 ሺህ ወይስ 53 ሚሊዮን? የኳርተርባክ ዋጋ ታሪክ

እስቲ በአንድ እንቆቅልሽ እንጀምር። ብሮክ ፐርዲ የሚባል ወጣት በ2023 የውድድር ዘመን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ሲጫወት መነሻ ደመወዙ 870 ሺህ ዶላር ነበር። ለእኛ ብዙ ገንዘብ ነው፤ በእሱ ሙያ ግን እንደ ሽርፍራፊ ሳንቲም የሚታይ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ቡድኑን እየመራ ሱፐር ቦውል የሚባለው የአሜሪካ ፉትቦል የዋንጫ ጨዋታ ላይ ደረሰ። በሜይ 2025 ደግሞ ከዚያው ክለብ ጋር የ5 ዓመት፣ የ265 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈረመ። ለ5 ሲካፈል በዓመት 53 ሚሊዮን ይደርሳል።

ሰውየው ያው ነው። ክንዱም ያው ነው። ዋጋው ግን 60 እጥፍ ገደማ አደገ። ታዲያ ምን ተለወጠ?

«ጎበዝ ስለሆነ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ግን እኮ 870 ሺህ ሲከፈለውም ጎበዝ ነበር። መልሱን ለማግኘት ወደ 70 ዓመት ገደማ ወደኋላ መሄድ አለብን። መንገዳችን ላይ ከስፖርት የሚያልፍ ጥያቄ ይገጥመናል፦ የአንድ ሰው ሥራ እንዴት ይለካል? ዋጋውንስ የሚቆርጠው ማነው?

ቆይ፣ ኳርተርባክ ማለት ምን ማለት ነው?

የአሜሪካ ፉትቦል እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር በስም እንጂ በግብር አይገናኝም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በአብዛኛውም የሚንቀሳቀሰው በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ከቻለ ሌላ 4 ሙከራ ይጨመርለታል፤ ካልቻለ ኳሱን ለተጋጣሚው ይለቃል። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ ነው። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር ያሻገረ ቡድን 6 ነጥብ ያገኛል፤ ይህ ታችዳውን ይባላል።

ኳርተርባክ ማለት ሙከራው ሲጀመር ኳሱ እጁ የሚገባው ሰው ነው። ሊወረውር፣ ለጓደኛው ሊሰጥ ወይም ራሱ ይዞ ሊሮጥ ይችላል። ለመወሰን ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ 3 ሰከንድ ያህል ነው፤ ያንንም የሚወስነው ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየሮጡበት ነው።

ለመለካት የሚያስቸግረው ነገር እዚህ ጋ ይጀምራል። ኳርተርባኩ የሚወረውረው ከፊቱ አጥር የሚሆኑለት ጠባቂዎች ስላሉ ነው። በትክክል ወርውሮ ተቀባዩ ኳሱን ቢለቀው ጥፋቱ የማን ነው? አሰልጣኙ ብልህ እቅድ ስላወጣ ተቀባዩ ብቻውን ሜዳ ላይ ቢገኝስ ምስጋናው ለማን ነው? ድግስ ላይ ወጡ ሲጣፍጥ የሚመሰገኑት ወጥ ሠሪዋ ናቸው፤ ሽንኩርት የከተፉትን፣ እንጨት የፈለጡትን ማን ያስታውሳል? ኳርተርባክም እንደ ወጥ ሠሪዋ ነው፤ ሲጥም የሚመሰገን፣ ሲያርም የሚወቀስ እሱ ነው።

ባለ 6 ዶላሩ እና ባለ 427 ሺሁ

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ከ1936 ጀምሮ ድራፍት የሚባል ሥርዓት አለው። ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ደካማ የነበረው ቀድሞ ይመርጣል። ተጫዋቹ ግን ክለቡን አይመርጥም። አንዴ ከተመረጠ በዚያ ሊግ ውስጥ መደራደር የሚችለው ከመረጠው ክለብ ጋር ብቻ ነው።

በ1955 ፒትስበርግ ስቲለርስ ጆኒ ዩናይተስ የተባለውን ኳርተርባክ በ9ኛው ዙር መረጠና ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት አሰናበተው። ወጣቱ የግንባታ ሥራ እየሠራ፣ ብሉምፊልድ ራምስ ለሚባል የሰፈር ቡድን መጫወት ጀመረ። ክፍያው በጨዋታ 6 ዶላር እንደነበር ይነገራል። በሚቀጥለው ዓመት ባልቲሞር ኮልትስ ወሰደው። ዩናይተስ በ1958 እና በ1959 ኮልትስን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገ፤ በዘመኑ ከነበሩት ኳርተርባኮች ሁሉ የላቀ ነው እስከመባልም ደረሰ። ስቲለርሶች ያዩት ይህንኑ ሰው ነበር። ያዩበት ዓይን ነው የሳተው።

ከ10 ዓመት በኋላ ታሪኩ በተቃራኒው ሆነ። በ1960 ተቀናቃኝ ሊግ ተቋቁሞ ስለነበር ሁለቱ ሊጎች በተመሳሳይ ወጣቶች ላይ መጫረት ጀመሩ። በጃንዋሪ 1965 የአላባማ ዩኒቨርሲቲው ጆ ኔመዝ ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር 427 ሺህ ዶላር ገደማ በሚያወጣ ኮንትራት ተፈራረመ። ለዘመኑ ጉድ የሚያሰኝ ገንዘብ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ገና አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ አልተጫወተም!

ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚወደደው ስለጣፈጠ አይደለም፤ ስለጠፋ ወይም ገዢ ስለበዛ ነው። የኔመዝ ዋጋም እንደዚያው ነው። ሁለት ሊግ ስለፈለገው ወደደ። የክለብ ባለቤቶችም ነገሩ ገባቸው። በ1966 ሁለቱ ሊጎች ለመዋሃድ ተስማሙ፤ ከ1967 ጀምሮም ድራፍቱ አንድ ሆነ። ጫረታው በዚያው አበቃ።

በጃንዋሪ 1969 በተደረገው ሱፐር ቦውል የኔመዝ ጄትስ የዩናይተስን ኮልትስ 16 ለ 7 አሸነፈ። በጉዳት የከረመው ዩናይተስ በተጠባባቂነት ገብቶ የቡድኑን ብቸኛ ታችዳውን መርቷል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ፣ ባለ 6 ዶላሩና ባለ 427 ሺሁ ተገናኙ ማለት ነው።

ራሱን ለመለካት የተነሳው ኳርተርባክ

እስካሁን ያየነው ዓይንን እና ጫረታን ነው። ቁጥርስ?

ቨርጅል ካርተር ለቺካጎ ቤርስ የሚጫወት ኳርተርባክ ነበር። ጎን ለጎን በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይማር ነበር፤ እዚያም ከፕሮፌሰር ሮበርት ማቾል ጋር ሆኖ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቀ፦ ኳሱ እዚህ ቦታ ላይ ሲሆን ስንት ነጥብ ያወጣል? በ1969 የተደረጉ 56 ጨዋታዎችን ወስደው፣ ቡድኑ ኳሱን ከያዘበት ቦታ ተነስቶ ቀጥሎ ነጥብ ያስቆጠረው ማን እንደሆነና ስንት እንዳስቆጠረ በኮምፒውተር ቆጠሩ። በ1971 በታተመው ጥናታቸው መሠረት ከተጋጣሚ ግብ 5 ያርድ ርቀት ላይ ኳስ መያዝ በአማካይ 6 ነጥብ ያህል ዋጋ አለው። በራስ ግብ አፍ ላይ መያዝ ግን ዋጋው ከዜሮ በታች ነው፤ ኳሱ በእጃችሁ እያለ እንኳን ቀጥሎ የማስቆጠር ዕድሉ የተጋጣሚ ነውና።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? ምክንያቱም ሁሉም ያርድ እኩል አይደለም። 10 ያርድ ሲቀርህ 5 ያርድ መወርወር ባዶ ሊሆን ይችላል፤ 4 ሲቀርህ ግን ያው 5 ያርድ ቡድንህን ያተርፋል። ዛሬ ተንታኞች ኳርተርባክን የሚመዝኑበት «የተጨመረ የሚጠበቅ ነጥብ» የሚባለው መለኪያ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው፤ ከሙከራው በፊትና በኋላ የነበረውን ዋጋ ቀንሶ ልዩነቱን ይመዘግባል።

ካርተር በ1970 ወደ ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ተዛወረ። ክንዱ ሩቅ የሚወረውር አልነበረም። ነገር ግን ረዳት አሰልጣኙ ቢል ዋልሽ ለእሱ የሚስማሙ፣ አጭርና ፈጣን ውርወራዎችን ነደፈለት። በ1971 ካርተር ከሊጉ ኳርተርባኮች ሁሉ በላቀ መቶኛ፣ 62.2 በመቶ የሚሆነውን ውርወራ ለተቀባይ አደረሰ። እንግዲህ ይህ ቁጥር የካርተር ነው ወይስ የዋልሽ? ዋልሽ በኋላ ይህንኑ ዘዴ ይዞ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ፤ በ1979 በ82ኛ ተራ ከተመረጠው ጆ ሞንታና ጋርም 3 ሱፐር ቦውል አሸነፈ።

ሊጉ ራሱ በ1973 ሌላ መለኪያ ይዞ መጣ፤ ስሙ ፓሰር ሬቲንግ ይባላል። አራት ነገሮችን ይደምራል፦ ተቀባይ እጅ የገባ ውርወራ፣ በአንድ ውርወራ የተገኘ ያርድ፣ ታችዳውን እና በተጋጣሚ የተጠለፈ ኳስ። ለምሳሌ አንድ ኳርተርባክ 30 ጊዜ ወርውሮ 20ው ቢያዝለት፣ 240 ያርድ ቢያገኝ፣ 2 ታችዳውን ቢያስቆጥርና አንድ ኳስ ቢጠለፍበት ውጤቱ 99.3 ይሆናል። ከፍተኛው ውጤት 158.3 ነው። «ለምን መቶ አልሆነም?» ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ ቀመሩ የተቆረጠው በዘመኑ የነበረ መካከለኛ ኳርተርባክ 66.7 እንዲያገኝ ተደርጎ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉም አጨዋወቱም ለወርዋሪ ስለተመቸ ዛሬ የሊጉ አማካይ 90 አካባቢ ነው። ስለዚህ የ1973 ሰው እና የዛሬውን በዚህ ቁጥር ማወዳደር የብርን የያኔ ዋጋ ከዛሬው ጋር እንደማወዳደር ነው።

ቀመሩ የማያየውም ብዙ ነው። ኳርተርባኩ ይዞ ሲሮጥ አይቆጥርም። ሳይወረውር ሲወድቅ አይቆጥርም። ማን ከፊቱ እንደቆመለት አይጠይቅም።

ቁጥር ያልጠቀማቸው

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። መለኪያ ሲሳሳት ስህተቱ እንደ ሎተሪ በዘፈቀደ ቢወድቅ አንድ ነገር ነው። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዎች ላይ ሲወድቅ ግን ስህተት ብቻ አይደለም።

ማርሊን ብሪስኮ በ1968 ለዴንቨር ብሮንኮስ ተሰልፎ በዘመናዊው ፕሮፌሽናል ፉትቦል ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ኳርተርባክ ሆነ። በዚያው ዓመት 14 ታችዳውን ወረወረ። በሚቀጥለው ዓመት በኳርተርባክነት የሚያጫውተው አጣ፤ ወደ ቡፋሎ ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ። በዘመኑ ብዙ መልማዮችና አሰልጣኞች ኳርተርባክነት «የማሰብ» ቦታ ነው፤ ጥቁር ተጫዋች ደግሞ ለመሮጥና ለመቀበል ነው የሚል ግምት ነበራቸው።

ዋረን ሙንን ተመልከቱ። በጃንዋሪ 1978 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን እየመራ ታዋቂውን ሮዝ ቦውል አሸነፈ፤ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። በዚያ ዓመት በተካሄደው የ12 ዙር ድራፍት ግን አንድም ክለብ አልመረጠውም። ካናዳ ሄደ፤ ከኤድመንተን ቡድን ጋር በተከታታይ 5 ጊዜ የካናዳን ዋንጫ በላ። በ1984 ሲመለስ ክለቦች ተሻሙበት። በ2006 የባለዝናዎች ሙዚየም ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የዘመናችን ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ።

ዳግ ዊሊያምስ ደግሞ የዋጋን ነገር ፍንትው አድርጎ ያሳየናል። ታምፓ ቤይ በ1976 እና በ1977 ካደረጋቸው 28 ጨዋታዎች ያሸነፈው 2 ብቻ ነበር። በ1978 ዊሊያምስን መረጠ። በ5 ዓመት ውስጥ ቡድኑ 3 ጊዜ ለጥሎ ማለፍ በቃ። ዊሊያምስ ግን የሚከፈለው 120 ሺህ ዶላር ነበር፤ በሌሎች ክለቦች ተጠባባቂ ሆነው የሚቀመጡ ኳርተርባኮች እንኳን ከእሱ የበለጠ ያገኙ ነበር። ኮንትራቱ ሲያልቅ 600 ሺህ ጠየቀ፤ ክለቡ 400 ሺህ እንዳቀረበ በጊዜው ተዘገበ። አልተስማሙም። ዊሊያምስ አዲስ ወደተቋቋመ ሌላ ሊግ ሄደ።

ቀጥሎ የሆነው የላቦራቶሪ ሙከራ ይመስላል። ከሞላ ጎደል ያው ክለብ፣ ያለ ዊሊያምስ፣ በ1983 ከ16 ጨዋታ 2 ብቻ አሸነፈ። ከሽንፈቱ ይልቅ ድሉ በልጦ የውድድር ዘመን የጨረሰው በ1997 ነው። ለዊሊያምስ ብቻ ብለን እንዳንደመድም መጠንቀቅ አለብን፤ በእነዚያ ዓመታት ሌላም ብዙ ነገር ተበላሽቷል። ሆኖም በ200 ሺህ ዶላር ልዩነት ምን ያህል እንደጠፋ መገመት አያቅትም።

ዊሊያምስስ? ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን በተጠባባቂነት ወሰደችው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ሱፐር ቦውል ላይ ቡድኑ 10 ለ 0 ከተመራ በኋላ፣ በሁለተኛው ሩብ ብቻ 4 ታችዳውን ወረወረ። ጨዋታው 42 ለ 10 አለቀ። ኮከቡም እሱ ሆነ፤ ሱፐር ቦውልን በመምራት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ።

አንድ የሳይንስ ትምህርት እዚህ አለ። ሰውን ካላሰለፍከው መረጃ አይኖርህም፤ መረጃ ከሌለህ ደግሞ «እንደሱ ዓይነት ሰው ሲያሸንፍ አላየንም» ማለት ትችላለህ። ግምቱ ራሱን በራሱ ያረጋግጣል።

የመውጣት መብት እና ጣሪያው

ዊሊያምስ ለምን ወደ ሌላ የዚያው ሊግ ክለብ አልሄደም? ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋችም ቢሆን በነፃነት መዛወር ስለማይችል ነው። የወሰደው ክለብ ለቀድሞው ክለብ ካሳ መክፈል ነበረበት፤ ካሳው ከባድ ስለሆነ የሚደፍር ጠፋ። ተጫዋቾች ለዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከሩ። በ1992 የፌዴራል ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች የሊጉ የዝውውር ገደብ የውድድር ሕግን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። በ1993 ነፃ ዝውውር ተፈቀደ።

በምላሹ ባለቤቶቹ ጣሪያ አገኙ። ከ1994 ጀምሮ እያንዳንዱ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚያወጣው ገንዘብ ወሰን ተበጀለት፤ በመጀመሪያው ዓመት 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025 279.2 ሚሊዮን ደርሷል። ጣሪያ ሲኖር የአንዱ ደመወዝ የሌላው ጉዳይ ይሆናል። በአማካይ ብናሰላው የፐርዲ 53 ሚሊዮን ከ2025 ጣሪያ 19 በመቶ ገደማ ነው። የቀሩት 52 የቡድኑ ተጫዋቾች ቀሪውን ይካፈላሉ።

በ2011 ሌላ ሕግ መጣ። በ2010 ቀዳሚ ተመራጭ የነበረው ሳም ብራድፎርድ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ የ6 ዓመት፣ የ78 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈርሞ ነበር። አንጋፋ ተጫዋቾችም ባለቤቶችም ደስ አላላቸውም። አዲሱ ስምምነት የጀማሪን ክፍያ በድራፍት ተራው እንዲወሰን አደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ቀዳሚ የነበረው ካም ኒውተን ያገኘው ለ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ነው። ሌላም አንቀጽ አለ፦ ጀማሪው 3 የውድድር ዘመን ሳይጨርስ ኮንትራቱን ማሻሻል አይችልም።

እንቆቅልሹ ሲፈታ

ፐርዲ በ2022 ድራፍት 262ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ተመራጭ ነበር። የተራ ቁጥሩ ደመወዙን ቆረጠለት፤ ሕጉም ለ3 ዓመት ዘጋበት። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ በሩ ተከፈተ። የተለወጠው ክንዱ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው።

53 ሚሊዮንስ ከየት መጣ? በአብዛኛው ከጎረቤት ዋጋ። በ2024 የዳላሱ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ተከፍሎት ነበር። ሊጉ ውስጥ 32 ክለብ አለ፤ አስተማማኝ ኳርተርባክ ግን 32 አይሞላም። ክለቡ የሚከፍለው ኳርተርባኩ ለሚሠራው ብቻ አይደለም፤ እሱ ቢሄድ ማን ይመጣል ለሚለው ፍርሃትም ጭምር ነው።

መልማዮቹስ ዛሬ ተሻሽለዋል? ቶም ብሬዲ በ2000 በ199ኛ ተራ ተመርጦ 7 ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ቤሪ እና ሮብ ሲመንስ በ2011 ባሳተሙት ጥናት የድራፍት ተራ ኳርተርባኩ ምን ያህል እንደሚሰለፍ ይናገራል፤ ሲሰለፍ በየሙከራው ምን ያህል ጥሩ እንደሚሆን ግን ብዙም አይናገርም ብለዋል። እዚህም እንጠንቀቅ፦ ዘግይተው ተመርጠው የተሰለፉት ልምምድ ላይ አሰልጣኙን ያሳመኑት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሠንጠረዡ ውስጥ አይገቡም።

ያረጀውም ዓይን ቶሎ አይጠፋም። በ2018 ከብሪስኮ 50 ዓመት በኋላ፣ ላማር ጃክሰን ወደ ኳስ ተቀባይነት ቢቀየር ይሻለዋል የሚሉ ነበሩ። በ32ኛ ተራ ተመረጠ፤ በ2019 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሲባል ድምፅ ሰጪዎቹ በሙሉ እሱን ነው የመረጡት። በፌብሩዋሪ 2023 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለቱም የሱፐር ቦውል ቡድኖች ቋሚ ኳርተርባኮች፣ ፓትሪክ ማሆምስ እና ጄለን ኸርትስ፣ ጥቁሮች ነበሩ።

እንግዲህ የሰው ዋጋ የሚል ቁጥር ስታዩ፣ ደመወዝም ይሁን የፈተና ውጤት፣ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቁጥሩ ምን ይቆጥራል፣ ምንስ ይዘላል? ሕጉን የጻፈው ማነው? ሰውየው «በቃኝ» ብሎ መሄድ ይችላል? 120 ሺህ ዶላር ስለ ዳግ ዊሊያምስ ክንድ ምንም አልነገረንም። በዚያ ዘመን መውጫ በሩ የማን እንደነበር ግን በደንብ ነግሮናል።